ላም አለን በሰማይ!

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ስለ አንታርክቲካ እንዳልተተረተ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ወደዚያ በረዷማ አህጉር ተመራማሪ ለመላክ የሚወጣውን ገንዘብ የሚነቅፉ ሰዎች ሲናገሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ተረት ነው። ሰው ተወልዶ በማያድግበት፣ እህል በማይበቅልበት፣ ከበረዶና ከነፋስ በቀር ሌላ በሌለበት ምድር ሚሊዮን በሚሊዮን ላይ እየከመሩ ብርድ መለካት ምን ይሉታል? ይላሉ። ተረቱ የሚጥመውን ያህል ክርክሩም የሚጥም ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሳሁ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ሲጨመቅ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዓለም የሚራብ ሰው እያላት በረዶ ለመቆፈር ገንዘብ ማፍሰስ ግፍ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሰማዩ በሳተላይት ተሞልቶ ሳለ ሰውን በዚያ ሁሉ ብርድና ጨለማ ውስጥ ማስከረም ምን አመጣው? ይላሉ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የተሰጠው ሁሉ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ያስገኘውን ፍሬ ያሳይ፤ ማሳየት ካልቻለ በጀቱ ይቆረጥ ይላሉ። ሦስቱም ሲሰሟቸው ምክንያት ያላቸው ይመስላሉ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስቀድም።

የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልፋት

እንግሊዞች በ1956 ሃሊ ቤይ በተባለ ሥፍራ፣ በባሕር ላይ በተንሳፈፈ የበረዶ መደብ ላይ አንድ የምርምር ጣቢያ አቋቋሙ። ምክንያቱ በ1957 እና በ1958 ሊካሄድ የታሰበው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። እዚያ ከተተከሉት መሣሪያዎች መካከል አንዱ በፈልሳፊው ስም ዶብሰን ተብሎ የሚጠራው ነው። ይህ መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከላይ በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን የኦዞን መጠን ይለካል። ኦዞን ማለት ደግሞ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከላከልልን፣ ዓይን የማያየው የሰማይ ጥላ ነው።

ሥራው ከዚህ የባሰ አሰልቺ ሊሆን አይችልም። ፀሐይ ስትወጣ መለካት፣ መመዝገብ። በማግስቱም መለካት፣ መመዝገብ። ሠራተኛው ይለዋወጣል፤ ጣቢያው በበረዶ እየተቀበረ እንደገና ይሠራል፤ መዝገቡ ግን ይቀጥላል። አሥር ዓመት አለፈ፤ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ምን ተገኘ? ምንም! በዚያ አገር ጸደይ በሚሆንበት በጥቅምት ወር ኦዞኑ በዶብሰን መለኪያ 300 ገደማ ነው። በቀጣዩ ዓመትም እንደዚያው ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ቁጥሩ በግልጽ ያሽቆለቁል ጀመር። ሥራውን ይመሩ የነበሩት ጆ ፋርማን መጀመሪያ ነገሩን አላመኑትም። መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል ብለው ሌላ አስላኩ። አዲሱም ያንኑ ተናገረ። ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኘው የሌላው የእንግሊዝ ጣቢያ መዝገብ ሲታይ ደግሞ ቅነሳው ያነሰ ይሁን እንጂ አቅጣጫው አንድ ነበር። በግንቦት 1985 ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ውጤቱን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። የጥቅምቱ 300 ወደ 200 ግድም ወርዶ ነበር። ዓለም ደነገጠ።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቻችን እንመለስ። «ሳተላይት አለ» ላሉት መልሱ እዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው። የአሜሪካኑ የጠፈር ድርጅት የናሳ ሳተላይት ከ1978 ጀምሮ በዚያው ሰማይ ላይ ይመላለስ ነበር። ዝቅተኛውን ቁጥርም አይቶታል። ነገር ግን ቁጥሩ ከሚጠበቀው በታች በመሆኑ የሚያጠራጥር ተብሎ ምልክት ተደርጎበት ተቀምጦ ነበር። ሳተላይቱ አየ፤ የሚያምነው ግን አጣ። ምድር ላይ የቆመው ሰው ከመሰከረ በኋላ መረጃው እንደገና ሲመረመር የጉድለቱን ስፋት ያሳየው እርግጥ ሳተላይቱ ነው፤ አህጉሩን የሚያህል ነበር። ስለዚህ ሳተላይትን አልንቅም። ዳሩ ግን ሳተላይት ያለ ምድር ምስክር እንደ አንድ ዓይን ነው፤ ያያል፣ ርቀቱን ግን አይለይም።

«ፍሬውን በሦስት ዓመት አሳዩን» ለሚሉትስ? እስቲ አንድ የበጀት ኮሚቴ በ1970 ተሰብስቦ የሃሊን ሥራ ሲገመግም እናስብ። አሥራ አራት ዓመት ለክታችሁ ምን አገኛችሁ? ኦዞኑ አለ። ሌላስ? ሌላ የለም። የትኛው ኮሚቴ ነው እንዲህ ያለውን ሥራ አበጃችሁ፣ ቀጥሉ የሚል? በሦስት ዓመት መስፈርት ቢሆን ኖሮ ያ መዝገብ አምስት ጊዜ በተዘጋ ነበር። እነዚያ ምንም ያላስገኙ ዓመታት ባይኖሩ ደግሞ የ1984ቱ 200 ትርጉም አይኖረውም። ከምን ወርዶ ነው 200 የሆነው? ይኸ ነው ፍሬ ነገሩ! ባዶ የሚመስለው ዓመት የኋለኛው ግኝት መሠረት ነው። ግድግዳው ሲታይ መሠረቱ አይታይም ተብሎ መሠረት አይሰረዝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ በማቀዝቀዣና በሽቶ መርጫ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ጋዞች ኦዞንን እንደሚበሉ ያስጠነቀቁት በ1974 ነበር። ይሁን እንጂ የጋዝ ፋብሪካዎቹ «ገና ንድፈ ሐሳብ ነው» ይሉ ነበር። በ1986 በሱዛን ሰለሞን የሚመራ ቡድን ማክመርዶ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ወርዶ መንስኤው እነዚሁ ጋዞች መሆናቸውን የሚያመለክት መረጃ ሰበሰበ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በ1989 በሥራ ላይ ዋለ። በ2023 መጀመሪያ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ዘገባ፣ ስምምነቱ ከተከበረ የአንታርክቲካ ኦዞን በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ ይገምታል። ላሟ በእርግጥም ሰማይ ላይ ነበረች። ወተቷን ግን ዓለም ሁሉ እየጠጣ ነው።

ዳቦና በረዶ

ሦስተኛው ክርክር ከባዱ ነው፤ የረሃብ ነውና። ረሃብን ከሚያውቅ አገር የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ላይ አላሾፍም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከበረዶው ምርምር የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ረሃብተኛው ጉሮሮ ሲሄድ ያየ ማን ነው?

የእንግሊዝን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1981 የእንግሊዝ መንግሥት ወጪ ለመቆጠብ ብሎ በዚያ ባሕር የሚንቀሳቀሰውን «ኤንዱራንስ» የተባለ መርከብ ከአገልግሎት እንደሚያወጣ አስታወቀ። ከአንታርክቲካ ደጃፍ ባለችው በሳውዝ ጆርጂያ ደሴት የነበረው የምርምር ጣቢያም በገንዘብ እጥረት ሊዘጋ ታስቦ ነበር። ቦነስ አይረስ የነበሩት የጦር ጄኔራሎች ይህን ሲያዩ እንግሊዝ አካባቢውን ለቅቃ ልትሄድ ነው ብለው ቢያስቡ ምን ያስደንቃል? በመጋቢት 1982 አርጀንቲናውያን ደሴቲቱ ላይ መውረዳቸውን ለአገራቸው ያስታወቁት እነዚሁ ሊባረሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። በሚያዝያ የፎክላንድ ጦርነት ፈነዳ። በሰባ አራት ቀን ውስጥ 255 እንግሊዛውያንና 649 አርጀንቲናውያን ወታደሮች አለቁ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያው መንግሥት የአንታርክቲካን ምርምር በጀት በእጅጉ ከፍ አደረገው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኸ አይደለምን?

እንግዲህ የተቆጠበው ሳንቲም ዳቦ አልሆነም፤ ጦርነቱን ለመጋበዝ አንድ ምክንያት ሆነ እንጂ። ሳይንቲስቶቹ በዓመታት ማመልከቻ ያላገኙትን ገንዘብ ያስገኘላቸው የሟቾች ደም መሆኑ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። መንግሥታት ለዕውቀት የሚሰስቱትን ለባንዲራ አይሰስቱም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። የኦዞኑ ቀዳዳ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ አልነበረም። አንባቢን ለማስደንገጥ ብዬ ነበር አልልም። ነገር ግን የቀዳዳው ሕግ እኛም ዘንድ ደርሷል። ኢትዮጵያ በ1994 ስምምነቱን ተቀላቅላለች። ፍሪጅ ጠጋኙ ይሞላው የነበረው ጋዝ የተለወጠው ሃሊ ቤይ ላይ በተመዘገበ ቁጥር ምክንያት ነው። በሌሎች መዝገብ፣ በሌሎች ገንዘብ፣ በሌሎች ልፋት የተገኘ ዕውቀት ቤታችን ድረስ ገብቶ ያዝዘናል። ይህ ቁጭት ሊያሳድርብን ይገባል እንጂ «የኛ ጉዳይ አይደለም» ሊያሰኘን አይገባም።

ባንዲራ ሲለካ

እስካሁን ነቃፊዎችን ነቀፍኩ። አሁን ደግሞ ከፋዮቹን ልንቀፍ፤ ከነቃፊዎቹ የበለጠ የጎዱን እነሱ ናቸውና።

በታኅሣሥ 1 ቀን 1959 በዋሽንግተን በአሥራ ሁለት አገሮች የተፈረመው የአንታርክቲካ ውል አህጉሩን ለሰላምና ለሳይንስ ብቻ አውሏል። ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ሰባት አገሮች «ይህ ቁራሽ የኔ ነው» የሚሉበትን ምድር ያለ ጥይት ያቆየ ውል ነው። ነገር ግን በአንቀጽ 9 ውስጥ አንድ ነገር አለ። ከመሥራቾቹ ውጭ ያለ አገር በስብሰባው ላይ ድምፅ የሚኖረው «ከፍ ያለ የሳይንስ ምርምር» ማካሄዱን ሲያሳይ ነው፤ ለምሳሌም ጣቢያ ማቋቋም ወይም የጥናት ቡድን መላክ ተጠቅሷል። የወንበሩ ዋጋ ሳይንስ ነው ማለት ነው። አሳቡ መልካም ነበር። ውጤቱስ? ወንበር ፈላጊው ሁሉ ጣቢያ ተከለ። በቀላሉ በሚደረስባት በኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ የአርጀንቲና፣ የቺሊ፣ የሩሲያ፣ የቻይና፣ የኮሪያ፣ የብራዚል፣ የፖላንድና የኡራጓይ ጣቢያዎች እንደ መንደር ጎረቤት ተደርድረዋል። ሳይንሱ እዚያ ስለሚበዛ ነውን? አይደለም፤ መርከቡ እዚያ በርካሽ ስለሚደርስ ነው። አርጀንቲና በ1978 አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ምድር እንድትወልድ አድርጋለች፤ ልጁ የይገባኛል ጥያቄዋ ማስረጃ እንዲሆን። ይህንም ከበረዶ ምርምር ወጪ ጋር ደምሮ «ሳይንስ ገንዘብ ፈጀ» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

የአውስትራሊያም ነገር እንዲሁ ነው። 528 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የፈጀውን «ኑዪና» የተባለ በረዶ ሰባሪ መርከብ አስመጣች። መርከቡ በ2023 መነሻ ወደቡ በሆነችው በሆባርት ነዳጅ ሊቀዳ ቢል በታዝማን ድልድይ ሥር ማለፍ ለአደጋ ያሰጋል ተብሎ ተከለከለ። ነዳጅ ለመቅዳት ወደ በርኒ ወደብ መጓዝ ግድ ሆነበት። በዚያው በ2023 የአገሪቱ የአንታርክቲካ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጪው እንዲቀንስ ተደርጎ የታቀዱ የመስክ ጥናቶች ተስተጓጎሉ። መርከቡ ተገዛ፤ መርከቡ ሊያደርሰው የነበረው ሰው ግን ቀረ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ።

አሜሪካም ከዚህ አልተሻለችም። በ2023 የአገሪቱ የሳይንስ ፋውንዴሽን በማክመርዶ አዲስ የመስክ ሥራ ማመልከቻ ለጊዜው እንደማይጠይቅ አስታወቀ። በ2024 «ላውረንስ ጉልድ» የተባለችው የምርምር መርከብ ኪራይ አበቃ። በ2025 ደግሞ መንግሥት የፋውንዴሽኑ ጠቅላላ በጀት በ57 በመቶ እንዲቀነስ፣ የቀረችው በረዶ ሰባሪ የምርምር መርከብም ኪራይ እንዲቋረጥ ጠየቀ። ይህ የሆነው መቼ ነው? ትዌይትስ የተባለው ብሪታንያን የሚያህል የበረዶ ግግር ከሥሩ በሞቀ የባሕር ውኃ እየተበላ ባለበት ሰዓት ነው። ይህ አንድ ግግር ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ወለል በ65 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። መቼ? በስንት ፍጥነት? መልሱን ለማግኘት በ2018 እንግሊዝና አሜሪካ በጋራ የጀመሩት ጥናት 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተመደበለት ነው። ከአውስትራሊያው መርከብ ዋጋ ጋር አስተያዩት!

ባሕር የለንም፣ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ባሕር ባይኖረንም የገቢና የወጪ ንግዳችን አብዛኛው የሚያልፈው በጂቡቲ ወደብ ነው። ወደብ ደግሞ ተራራ ላይ አይሠራም። ሞምባሳም፣ ዛንዚባርም፣ ምጽዋም ባሕር ዳር ናቸው።

በአንድ ፓውንድ የተገዛ ቅርስ

እስካሁን ከነገርኳችሁ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የዩክሬን ታሪክ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ሩሲያ የአንታርክቲካ ጣቢያዎቹን ሁሉ ጠቅልላ ወሰደች፤ ዩክሬን አንድም አልደረሳት። በዚያው ጊዜ እንግሊዞች «ፋራዴይ» የተባለ አሮጌ ጣቢያቸውን ሊያስወግዱ ይፈልጉ ነበር። በየካቲት 1996 ጣቢያውን ለዩክሬን አስረከቡ። ዋጋው? አንድ ፓውንድ! ዛሬ «አካዳሚክ ቬርናድስኪ» ይባላል።

ይህ ጣቢያ ፋርማን የሃሊን ቁጥር ያስተያዩበት፣ ከላይ «ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኘው» ያልኩት ጣቢያ ነው። የአየር ጠባይ መዝገቡ ከ1947 ይጀምራል። ዩክሬናውያን የወረሱት ቤቱን ብቻ አይደለም፤ መዝገቡንም ነው። ያኔ ኢኮኖሚያቸው ደቅቆ፣ ደመወዝ በወቅቱ የማይከፈልበት ዘመን ነበር። ቢሆንም ለኩ፤ መዘገቡ። በ2022 ጦርነቱ አገራቸውን ሲያዳርስም የክረምት ቡድን መላካቸውን አላቋረጡም። ቦምብ በሚዘንብባት ከተማ ቤተሰቡን ትቶ ሄዶ ኦዞን የሚለካን ሰው «ቅንጦተኛ» ለማለት አፉ የሚደፍርለት ካለ ይናገር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሏል ይኸ ነው።

ህንድም በ1981 የመጀመሪያውን ቡድኗን ስትልክ ሀብታም አልነበረችም። በሁለት ዓመት ውስጥ ጣቢያዋን ተከለች፤ የድምፅ ወንበሯንም አገኘች። ማሌዥያ በበኩሏ በ1982 በጠቅላይ ሚኒስትሯ በማሃቲር ሞሐመድ አማካይነት ውሉ የጥቂቶች ክበብ ነው ብላ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ሞግታለች፤ በመጨረሻም በ2011 ራሷ ገብታበታለች። ከአፍሪካ በመሥራችነት የገባችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ያውም የገባችው በአፓርታይድ ዘመን ነው። የቀረነው አፍሪካውያን ድምፅ የለንም። ማሃቲር ያነሱት ክስ እውነትነት ነበረው። ነገር ግን ክበቡን ከውጭ ሆኖ መርገም ብቻውን በሩን አይከፍተውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እላለሁ። የመጀመሪያው ለከፋዮቹ ነው። ረጅሙን መዝገብ ከአጭሩ ፕሮጀክት ለዩት። አዲስ ሐሳብ ይዞ የሚመጣው ተመራማሪ በሦስት ዓመት ይገምገም፤ ተገቢ ነው። የሙቀት፣ የኦዞን፣ የበረዶ ውፍረት መዝገብ ግን ማንም ሚኒስትር በጀት ሲያጥረው እጁን የማያስገባበት የራሱ ቋት ይኑረው። ሃሊ ራሱ ከ2017 ወዲህ መደቡ እየተሰነጠቀ ስላሰጋ በክረምት ሰው አይኖርበትም፤ መሣሪያዎቹ ብቻቸውን እንዲለኩ ተደርጓል። መዝገቡ እንዳይቋረጥ የተደረገው ብልሃት የሚያስመሰግን ነው። አሳቢ ካለ መንገድ አይታጣም።

ሁለተኛው፣ በየባንዲራው ሥር የተበታተነው ወጪ ይሰብሰብ። በጥር 2025 የአውሮፓ ተመራማሪዎች በአንድነት ሆነው 2,800 ሜትር ቆፍረው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በረዶ አውጥተዋል። በረዶው ውስጥ የታሰረው አየር የዚያን ዘመን አየር ነው። ከዚህ በፊት በተመሳሳይ ቁፋሮ የተገኘው የ800,000 ዓመት መዝገብ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በዚያ ሁሉ ዘመን ከሚሊዮን 300 ገደማ አልፎ እንደማያውቅ ነግሮናል፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን ያገኘው የአንድ አገር ባንዲራ አይደለም፤ በጋራ የተዋጣ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ነው። ጣቢያ እንትከል አልልም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ውሉ ግን ለማንኛውም የተባበሩት መንግሥታት አባል ክፍት ነው። ፈርሞ መግባት መርከብ መግዛት አይደለም። ድምፅ ባይኖረንም ጆሮ ይኖረናል። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ሁለት ሦስት ወጣት የሥነ ምድርና የአየር ጠባይ ምሁራን በሌሎች መርከብ ተሳፍረው ቢሄዱ፣ ሲመለሱ ይዘውልን የሚመጡት ትልቁ ነገር በረዶ አይደለም፤ ልማዱ ነው። ምንም ባልተገኘበት ቀንም የመለካት፣ የመመዝገብ ልማድ!

ይህ ልማድ ምን እንደሚያስገኝ ከእኛ በላይ ማወቅ የነበረበት ማን ነበር? ግብፆች በካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይን ከፍታ የሚለኩበትን ምሰሶ የተከሉት በ861 ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከፍ የሚለው ውኃ ከእኛ ተራሮች የወረደ ነው። እነሱ የለኩት ግብር ለመተመን ነበር፤ ከሺህ ዓመት በኋላ ግን ያ መዝገብ የድርቅንና የጎርፍን ጠባይ ለሚያጠኑ የዓለም ጠበብት ትምህርት ቤት ሆነ። ውኃው የኛ፣ መዝገቡ የነሱ!

ስለዚህ «ላም አለኝ በሰማይ» የምትሉ ወገኖቼ፣ ተረቱን መልሳችሁ አስቡበት። የላሟ ጥፋት ሰማይ ላይ መሆኗ አይደለም። ጥፋቱ ቀና ብሎ በየቀኑ የሚያያት ሰው መጥፋቱ ነው። የሚያያት ሰው ደግሞ ስንቅ ያስፈልገዋል። ስንቁን የምንከለክለው ከሆነ፣ ነገ ላሟ ስትነጥፍ ማን ነገረን ብለን እንጠይቅ?